ለባዕድ ያበደርነው ትዕግሥት

በአንድ የአርት ፋኩልቲ ተማሪ



በዚህች መጽሔት ላይ ስለ እግር ኳስ መጻፍ ለአንዳንዶቻችሁ ቀልድ ሊመስላችሁ ይችላል። ስለ ትምህርትና ስለ አገር ዕድገት የሚጻፍበት ወረቀት ሳይበቃን ኳሱን ምን አመጣው የሚል እንደሚኖርም ዐውቃለሁ። ይሁን እንጂ ሰው ተስፋውን ለማን እንደሚሰጥና ከማን እንደሚነፍግ ለማየት ከኳስ ሜዳ የተሻለ መስተዋት እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ስለዚህ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ እላለሁ።

ነገሩ የጀመረው አዳማ ውስጥ በአንድ ዲኤስቲቪ ቤት ነው። ጊዜው በአውሮጳ አቆጣጠር ነሐሴ 2021 ነበር። (ካልተናገርሁ በቀር በዚህ ጽሑፍ ዓመቱን ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር እቈጥራለሁ፤ የኳሱ ዓለም የሚተዳደረው በርሱ ነውና።) እኔ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርሁ። ዕለቱ ቅዳሜ፥ ሰዓቱም ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን፥ አርሴናል ከማንችስተር ሲቲ ጋራ ገጠመና 5 ለ 0 ተሸነፈ። ከዚያ በፊት በብሬንትፎርድ 2 ለ 0፥ በቼልሲም 2 ለ 0 ተሸንፎ ነበር። ሦስት ጨዋታ ተጫውቶ፥ አንድ ግብ እንኳ ሳያገባ፥ ዘጠኝ ግብ ገብቶበት፥ ከሃያው ክለብ ሃያኛ ሆኖ ተቀመጠ። በቤቱ ውስጥ ከነበርነው አብዛኞቻችን የአርሴናል ደጋፊዎች ነን። ገና ጨዋታው ሳያልቅ ወንበሩን እየገፋ የሚወጣው ሰው በዛ።

በዚያን ጊዜ ከጎኔ የተቀመጠ አንድ ጎረቤታችን፥ ሥራው ልብስ ሰፊ ነው፥ ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ የመጣ ሰው፥ ወደኛ ዞሮ፥ «እናንተ ልጆች፥ ምን ያስደነግጣችኋል? እነዚህ'ኮ ገና ልጆች ናቸው። ቤት ሲሠራ መጀመሪያ የሚታየው ጉድጓዱ ነው። ጠብቁ» አለን። እኛም ጋሼ ካለ ብለን ጠበቅን።

አምስት ወር ሳይሞላ በጥር 2022 በዚያው ቤት፥ በዚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጠን የአገራችንን ብሔራዊ ቡድን ስናይ አመሸን። ዋልያዎቹ ለአፍሪቃ ዋንጫ ካሜሩን ሄደው ከባለሜዳው ጋራ ይጫወቱ ነበር። ዳዋ ሆቴሳ ገና በአራተኛው ደቂቃ ግብ ሲያገባ ቤቱ ተናወጠ። ኋላ ግን ካሜሩን አራት አገባችና ጨዋታው 4 ለ 1 አለቀ። ያ ጎረቤታችን ኮቱን አንሥቶ ሲነሣ፥ «እኛ'ኮ ድሮም አንሆንም። ልጅ አይወጣልንም» ብሎ ወጣ። እኛም ጋሼ እውነቱን ነው ብለን ተከተልነው።

በዚያን ዕለት ነገሩ ምንም አልመሰለኝም። ዛሬ ግን አንድ አፍ ስለ ሁለት የተሸነፉ ቡድኖች ሁለት ፍርድ መስጠቱ እየከነከነኝ ነው። የለንደን ልጅ ሲሸነፍ ገና ነው እንላለን፤ የራሳችን ልጅ ሲሸነፍ ድሮም አይሆንም እንላለን። በዚያ ጊዜ የአርሴናሉ ቡካዮ ሳካ ዕድሜው 20 ዓመት ነበር። የኛው አቡበከር ናስር፥ ባለፈው የሊግ ዘመን ለኢትዮጵያ ቡና 29 ግብ አግብቶ የነበረው፥ ዕድሜው 21 ዓመት ነበር። የአንድ ዓመት ልዩነት ያላቸው ሁለት ወጣቶች ናቸው። ታዲያ አንዱን ቡቃያ፥ ሁለተኛውን እንክርዳድ ያሰኘን ምንድን ነው?

መልሱን ለማግኘት አስቀድሞ በአርሴናል ላይ ያኖርነው ተስፋ ምን ዓይነት ተስፋ እንደ ነበረ መመርመር ይገባናል።

አርሴናል በታኅሣሥ 2019 ሚኬል አርቴታን አሠልጣኝ አድርጎ ሾመ። ሰውዬው ከዚያ በፊት ዋና አሠልጣኝ ሆኖ አያውቅም። በመጀመሪያው የውድድር ዘመን ክለቡ በሊጉ ስምንተኛ ወጣ፤ በርግጥ የኤፍ ኤ ዋንጫን አግኝቷል። በሁለተኛውም ዘመን እንደ ገና ስምንተኛ ሆነና ከ25 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአውሮጳ ውድድር ውጪ ቀረ። በ2020 መጨረሻ ላይ በሊጉ ሰባት ጨዋታ በተከታታይ ሳያሸንፍ የቀረበት ጊዜም ነበር። አሠልጣኙ ይባረር የሚለው ጩኸት ለንደን ውስጥ ብቻ ሳይሆን አዳማም ተሰምቷል፤ ይህን መካድ አይገባም። ደጋፊው ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ ታጋሽ ነበር ብዬ ብጽፍ ሐሰተኛ እሆናለሁ።

ታዲያ ተስፋው ከየት መጣ? በ2020 የፈረንጆች ገና ማግስት ቼልሲን 3 ለ 1 ሲያሸንፉ ሳካን፥ ኤሚል ስሚዝ ሮውንና ገብርኤል ማርቲኔሊን በአንድነት ሲሮጡ አየን። በ2021 ክረምት ክለቡ ስድስት አዳዲስ ተጫዋቾችን ሲያስመጣ ከስድስቱ አንዱ እንኳ ከ23 ዓመት በላይ አልነበረም። በዚያ የውድድር ዘመን ከሊጉ ቡድኖች ሁሉ በአማካይ ዕድሜ ወጣቱን ቡድን ያሰለፈው አርሴናል ነው። ደጋፊው የተሸነፈውን ቡድን ሲመለከት የሚሠራውን ቡድን ጭምር ያይ ነበር ማለት ነው። ማን እንደ ተሰናበተ፥ ማን እንደ መጣ፥ ስለ ምን እንደ መጣ ይጠይቃል፤ ይቈጥራልም። በግንቦት 2022 ክለቡ በ69 ነጥብ አምስተኛ ሆኖ፥ ከአራተኛው ከቶተንሐም በሁለት ነጥብ አንሶ ቀረ። የሻምፒዮንስ ሊጉ ዕድል አመለጠ። ነገር ግን ያን ዓመት የጠፋ ዓመት ነው ያለ ደጋፊ ጥቂት ነው። በሚቀጥለው ዓመት በ84 ነጥብ፥ ከዚያም በ89 ነጥብ ሁለተኛ ወጣ። በሁለቱም ዓመት ዋንጫው አላገኘውም፤ ደጋፊው ግን አልተበተነም።

እዚህ ላይ አንድ ጓደኛዬ፥ የምጣኔ ሀብት ተማሪ ነው፥ ይህን ጽሑፍ ገና በረቂቁ አይቶ፥ «አንተ ሰው፥ አርሴናል'ኮ በዚያ ክረምት ወደ 150 ሚሊዮን ፓውንድ አውጥቷል። ተስፋ የምትለው ገንዘብ ነው» አለኝ። ነገሩ እውነት ስለ ሆነ ልለፈው አልችልም። ገንዘብ የሌለው ክለብ እንዲህ ያለ ሥራ ሊሠራ አይችልም። ነገር ግን ያው አርሴናል በ2019 ኒኮላ ፔፔን በ72 ሚሊዮን ፓውንድ ገዝቶ ነበር፤ በዚያን ጊዜ በክለቡ ታሪክ እንዲህ ያለ ዋጋ ተከፍሎ አያውቅም። በዚያ ገንዘብ ግን የተገዛ ተስፋ አልነበረም፤ እንዲያውም ክለቡ በሁለት ተከታታይ ዓመታት ስምንተኛ ሆነ። እንግዲህ ገንዘቡ በመጀመሪያም በኋላም ነበረ። በኋላ የተጨመረው ነገር የሥራ ሥርዓትና ሥራው እስኪታይ ድረስ የሚሰጥ ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ።

የኛ ብሔራዊ ቡድን ታሪክ ሲነሣ ሁላችንም የምንጀምረው ከአንድ ቦታ ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም ግብጽን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪቃን ዋንጫ ወሰድን። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዋንጫውን ለአምበሉ ለሉቺያኖ ቫሳሎ አስረከቡ። የይድነቃቸው ተሰማና የመንግሥቱ ወርቁ ስም እስከ ዛሬ ድረስ በያንዳንዱ ቤት ይነሣል፤ ሊነሣም ይገባዋል። ነገር ግን ያ ዋንጫ ለኛ ምን እንደ ሆነብን ልብ በሉ። የሀብታም አባት ልጅ የአባቱን መሬት ስፋት እያወራ የራሱን ጓሮ ሳያርስ እንደሚውል ሁሉ፥ እኛም በአያቶቻችን ዋንጫ የዛሬዎቹን ልጆች እንለካለን። ከ1982 በኋላ ወደ አፍሪቃ ዋንጫ ለመመለስ 31 ዓመት ፈጅቶብናል። በነዚያ 31 ዓመታት ውስጥ የተወለደ ልጅ የ1954ቱን ድል በቃሉ ያውቃል፤ የሠፈሩን የታዳጊዎች አሠልጣኝ ስም ግን አያውቅም።

ከዚያ 2013 መጣ። በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚመራው ቡድን ደቡብ አፍሪቃ ሄደ። በደቡብ አፍሪቃ የሚኖሩ ወገኖቻችን ስታዲየሙን በአረንጓዴ ቢጫ ቀይ ሞሉት። የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ከዛምቢያ ጋራ ስንጫወት ግብ ጠባቂያችን በቀይ ካርድ ወጣ፤ ሳላዲን ሰይድም ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። በዐሥር ሰው ቀርተን ሳለ አዳነ ግርማ አገባና 1 ለ 1 ወጣን። እኔ ያን ጊዜ ገና ሕፃን ነበርሁ፤ አባቴ ሲዘል የጣራውን አምፖል በእጁ መምታቱን ግን አልረሳውም። ቀጥሎ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፥ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸነፍን። በዚያው ዓመት ለዓለም ዋንጫ በሚደረገው ማጣሪያ እስከ መጨረሻው ዙር ደርሰን በናይጄሪያ ቀረን። ከዚያ በፊት እንዲህ ቀርበን አናውቅም ነበር። ቤቱ ጉድጓዱን አልፎ ግድግዳው መቆም ጀምሮ ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚያስ ምን አደረግን? በ2014 መጀመሪያ ላይ አሠልጣኙ ተሰናበቱ። ከርሳቸው በኋላ ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ፥ ከርሳቸው በኋላ ዮሐንስ ሳህሌ፥ ከዚያ ገብረ መድኅን ኃይሌ፥ ከዚያ አሸናፊ በቀለ፥ ከዚያ አብርሃም መብራቱ፥ ከዚያም ውበቱ አባተ መጡ። ከ2013 እስከ 2023 ባሉት ዐሥር ዓመታት ሰባት ሰዎች መሆናቸው ነው። አንዳንዶቹ ማሰናበት የሚገባቸው ሊሆኑ ይችላሉ፤ በያንዳንዱ ላይ ልፈርድ አልነሣም። የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ሰባት ግንበኛ ተራ በተራ የቀጠረ፥ እያንዳንዱም የፊተኛውን ግድግዳ አፍርሶ እንዲጀምር የፈቀደ ባለቤት፥ ቤቱ ለምን እንዳልቆመ የሚጠይቀው ማንን ነው?

አሠልጣኝ ውበቱ አባተ ቡድኑን ወደ ካሜሩን ይዘው ሄዱ። እዚያ ያገኘነው ከቡርኪና ፋሶ ጋራ 1 ለ 1 የወጣንበትን አንድ ነጥብ ብቻ ነው። ነገር ግን በሰኔ 2022 ያው ቡድን ግብጽን 2 ለ 0 አሸነፈ። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አገቡ። ግብጽ ከጥቂት ወራት በፊት የአፍሪቃ ዋንጫ ፍጻሜ ላይ የቆመች አገር ናት። በዚያ ሌሊት በየዶርሙ የነበረውን ጩኸት ከኔ በላይ የነበሩ ተማሪዎች ይናገራሉ። ነገር ግን ዓመት ሳይሞላ፥ ጊኒ ሁለት ጊዜ አሸንፋን፥ አሠልጣኙ ከቦታው ተለዩ። እኛ ደጋፊዎችም እንደ ልማዳችን፥ ግብጽን ስናሸንፍ ደረስን ብለን፥ በጊኒ ስንሸነፍ አለቀልን ብለን፥ ወደ አርሴናል ዞርን።

እዚህ ላይ በሁለት ዓይነት ተስፋ መካከል ያለውን ልዩነት ማስታወስ ያስፈልጋል። አንደኛው የሎተሪ ተስፋ ነው። ሎተሪ የቈረጠ ሰው እስከ ዕጣው ቀን ድረስ የሚሠራው ሥራ የለውም፤ ቁጥሩ ሲወጣ ይዘላል፥ ሳይወጣ ወረቀቱን ቀዶ ይጥላል። ሁለተኛው የገበሬ ተስፋ ነው። ገበሬ ዝናቡን ሊያዝዝ አይችልም፤ ነገር ግን ማረሱን፥ ዘሩን መምረጡን፥ አረሙን መንቀሉን ያውቃል። ቡቃያው በሰኔ አጭር ስለ ሆነ አያጭደውም። ጎረቤቱ አረም ሲተውበት ግን ዝም አይልም። ለአርሴናል የሰጠነው ተስፋ የገበሬ ተስፋ ነበር፤ ለዋልያ የሰጠነው የሎተሪ ተስፋ ነው። ልዩነቱ በልጆቹ ላይ የለም፤ በኛ በተመልካቾቹ ላይ ነው።

አሁን ደግሞ ከባዱን ተቃውሞ ላንሣ። «ታገሡ፥ ታገሡ እየተባልን ስንት ዘመን እንኑር? በዚህ አገር ትዕግሥት የሚሰበከው ተጠያቂው እንዳይጠየቅ ነው» የሚል ተማሪ ይኖራል። ይህ ተማሪ ትክክል ነው፤ እኔም ከርሱ ጋራ ነኝ። ትዕግሥት ዝምታ ከሆነ ክፉ ነገር ነው። ነገር ግን ትዕግሥታችንንና ቊጣችንን ለማን እንዳከፋፈልን እንይ።

ግብጽን 2 ለ 0 ያሸነፍንበት ጨዋታ ለኛ «የሜዳችን» ጨዋታ ነበር። የተደረገው ግን ሊሎንግዌ፥ ማላዊ ውስጥ ነው። የአፍሪቃ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የአዲስ አበባንም የባሕር ዳርንም ስታዲየም ለዓለም አቀፍ ጨዋታ ደረጃውን አልጠበቀም ስላለ፥ በኅዳር 2021 ጋናን የተቀበልነው ጆሐንስበርግ ነበር። በመጋቢት 2025 ግብጽን እንደ ገና «በሜዳችን» ስንቀበል ቦታው ካዛብላንካ ሆኖ 2 ለ 0 ተሸነፍን። በአፍሪቃ የመጀመሪያዎቹን የዋንጫ ውድድሮች ካቋቋሙት አገሮች አንዷ የሆነች አገር፥ በ1954 ዓ.ም. በገዛ ሜዳዋ ዋንጫ ያነሣች አገር፥ እንግዳ የምትቀበልበት ሣር አጥታ ዓመታት በሰው ደጅ ተጫውታለች። የዚያ ቡድን ወጣት አጥቂ እናቱ ስታጨበጭብለት ሰምቶ አያውቅም።

ስለዚህ ነገር ምን ያህል ጮኽን? አንድ ተከላካይ ኳስ ሲስት በሌሊት ስሙን እያነሣን እንሳደባለን፤ መጫወቻ የሌለው ስለ ምን ነው ብለን ግን በቀን አንጠይቅም። ለልጆቹ መስጠት የሚገባንን ትዕግሥት ለአለቆቹ ሰጠን፤ ለአለቆቹ ማቅረብ የሚገባንን ጥያቄ ለልጆቹ ስድብ አደረግነው። ትዕግሥቱም ቊጣውም አለን፤ ያጣነው ቦታ ቦታውን ማስያዝ ነው። በመልሶ ግንባታ ላይ ያለ ቡድን ደጋፊ ሊያውቀው የሚገባው ነገር ይህ ብቻ ነው እላለሁ፦ ለሚጫወተው ልጅ ጊዜ፥ ለሚያዝዘው ሰው ጥያቄ።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ራሴን ከፍ ባለ ወንበር ላይ ያስቀመጥሁ እንዳይመስላችሁ፥ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ።

ባለፈው ዓመት የፋኩልቲያችን ቡድን በፋኩልቲዎች ውድድር ምን እንደ ደረሰበት ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ነባሮቹ ተጫዋቾች ተመርቀው ስለ ሄዱ ቡድኑ በአብዛኛው በፍሬሾች ተሞላ። ግብ ጠባቂው ከገጠር የመጣ ዝምተኛ ልጅ ነበር። በመጀመሪያው ጨዋታ ስድስት ገባበት። ከሜዳው ዳር ከቆምነው መካከል አንዱ «ወንፊት!» ብሎ ጮኸ፤ ቀጥለን ሁላችን ተቀበልነው። እኔም ጮኼአለሁ። የለበስሁት የአርሴናል ማሊያ ነበር። በጀርባው ላይ የሳካ ስም ተጽፎበታል። ያ ሳካ በሐምሌ 2021 በአውሮጳ ዋንጫ ፍጻሜ ለእንግሊዝ ፍጹም ቅጣት ምት ሲስት፥ በቴሌቪዥን ፊት ቆሜ «አይዞህ ወንድሜ» ያልሁት እኔው ነኝ። አራት ሺህ ማይል ርቆ ለሚገኝ፥ ላይሰማኝ ለሚችል ልጅ አይዞህ አልሁ፤ በዐሥር እርምጃ ርቀት ላይ ለቆመው፥ እየሰማኝ ለነበረው ልጅ ግን ወንፊት አልሁ።

ልጁ ከሁለተኛው ጨዋታ በኋላ አልመጣም። ኋላ እንደ ተረዳሁት፥ ቡድኑ ልምምድ እንዲሠራ የሚፈቀድለት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነበር፤ ከፊቱ የሚቆሙት ተከላካዮችም በየጨዋታው ይለዋወጡ ነበር። የልምምዱ ቀን እንዲጨመር ከኛ ከጯሂዎቹ መካከል አንድ ደብዳቤ የጻፈ ሰው አልነበረም። እንግዲህ ያ የአዳማ ጎረቤቴን የከሰስሁበት ክስ በኔው ላይ ተፈጸመ። ስለ ዋልያ የጻፍሁት ሁሉ በፋኩልቲያችን ሜዳ ላይ በትንሹ ተሠርቶ ነበር፤ ሠሪው ደግሞ ሌላ ሳይሆን እኔና ጓደኞቼ ነን።

ከአንድ ወር በፊት ወደ ዶርሙ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። አልጋው ላይ ተቀምጦ መጽሐፍ ያነብ ነበር። ብዙም ሳይናገር፥ «ስድስቱ ጎል አይቈጨኝም፤ ከነርሱ ውስጥ አራቱን ማንም አይዛቸውም ነበር። የናንተን ሣቅ ግን አልረሳውም» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ዘንድሮ ቡድኑ እንደ ገና እየተሠራ መሆኑን ነገርሁት፤ ሰባት አዲስ ልጆች አሉ፥ አሠልጣኝ የሆነው የአራተኛ ዓመት ተማሪም እስከ ዓመቱ መጨረሻ እንደማይነካ በስብሰባ ተወስኗል። «አስብበታለሁ» ብቻ አለኝ።

አንባቢዎቼ ሆይ፥ እግር ኳስ ዋንጫ ይሰጣችኋል ብዬ አልሰብክም። አርሴናልን የደገፍን ሁሉ ሁለተኛ መውጣት ምን ያህል እንደሚመር እናውቃለን፤ ዋልያን የደገፍን ደግሞ ከዚያ የባሰውን እናውቃለን። ዛሬ በኳስ ሜዳ ዳር የምንማረው ፍርድ ግን ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ይዘነው የምንሄደው ነው። ነገ መምህር የሚሆን አለ፤ ነገ ወረዳ ላይ የሚሾም አለ፤ ነገ ጋዜጣ ላይ የሚጽፍ አለ። ጀማሪውን በመጀመሪያ ስሕተቱ የሚያባርር፥ ባለሥልጣኑን ግን በዐሥረኛ ስሕተቱ የማይጠይቅ ሰው እዚሁ ሜዳ ዳር እየተሠራ ነው። ይህን ልማድ እዚህ ካልተውነው የት እንተወዋለን?

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። አንደኛ፥ የልምምዱ ቀን በሳምንት ሦስት እንዲሆን የሚጠይቅ ደብዳቤ ጽፈን በተማሪዎች ማኅበር ቢሮ አስቀምጠናል፤ ገብታችሁ ፈርሙ። ሁለተኛ፥ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሳይንስ ፋኩልቲ ጋራ ጨዋታ አለን። ጨዋታው የሚደረገው አርሴናል በሚጫወትበት ሰዓት እንደ ሆነ ዐውቃለሁ፤ እኔም ያን ቀን አርሴናልን አላየውም። ኑና በሜዳው ዳር ቁሙ። ምናልባት እንሸነፋለን፤ ሰባቱ ልጆች ገና ስድስት ሳምንት እንኳ አብረው አልተጫወቱም። ግብ ሲገባ አፋችሁን ልትከፍቱ ከፈለጋችሁ አይዞህ በሉ፤ ካልሆነላችሁም ዝም በሉ።

ግብ ጠባቂው እስካሁን መልሱን አልሰጠኝም። ነገር ግን ባለፈው ማክሰኞ፥ ልምምድ ሊያልቅ ሲል፥ ከሜዳው ጥግ ከዛፉ ሥር ቆሞ ሲያይ አየሁት። ጓንቱን በብብቱ ይዞ ነበር።